ጥይት በወርቅ ሚዛን

ሴትየዋ ወርቅ አንጥረኛ ናት፤ ከእጇ የሚያብለጨልጭ ነገር ካልወጣ የሠራች አይመስላትም። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

አባቷ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። አሮጌ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ ተኳሾች ክበብ ሲመላለስ ኖሯል፤ እዚያም ኢላማ ስለማይስት ቅጽል ስሙ "አይስቴ" ነበር። ዘንድሮ ግን ጥይቱ የኢላማው ወረቀት ላይ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ወዲያና ወዲህ ይረግፍ ጀመር። የክበቡ ሰዎች አሁንም "እንዴት ነህ አይስቴ?" ይሉታል፤ ሳቃቸውን አፍነው።

"እጄ ከድቶኛል" አላት አንድ ቀን፣ የጥይቱን ካርቶን ከሱቋ ጓዳ እያስቀመጠ። "ቅዳሜ ጠመንጃውንም ጥይቱንም ለክበቡ አስረክቤ አርፌ እቀመጣለሁ።"

አርፎ መቀመጡ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷን ከአልጋ የሚያስነሳው ያ የተኩስ ሜዳ ብቻ ነው።

እሱ እንደወጣ፣ ያው እንደ ልማዷ፣ ካርቶኑን ከፍታ ጥይቶቹን በጨርቅ ትወለውል ገባች። አባቷ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ያንጸባርቃሉ።

"ምን አድርገሻቸው ነው?"

"አጸዳኋቸው፣ አባዬ።"

"ልትድሪያቸው ነው? አንገታቸው ላይ የነበረው ቀይ ቀለምስ?"

"እድፍ መስሎኝ…"

"እድፍ! እርጥበት እንዳይገባ የተቀባ ነው እኮ! እንግዲህ መጋዘን አይመለሱም፤ ባሩዱ ይበላሻል። ሳይውል ሳያድር ተተኩሰው ማለቅ አለባቸው።"

"ታዲያ ተኩሳቸዋ!"

"በዚህ እጄ?"

ፊቷ ቀላ። የምትገባበት ሲጠፋት ሁለት ጥይት አንስታ በሁለት መዳፏ ያዘች። ያዘችና ቀጥ አለች።

"አባዬ፣ ይሄኛው ይከብዳል።"

"ጥይት ጥይት ነው።"

"ለአንተ ቀለበትም ቀለበት ነው።" የወርቅ ሚዛኗን ሳበች። እውነትም አንደኛው ከሌላው ይከብዳል። ሦስተኛውን ብታስቀምጥ ከሁለቱም ይቀላል። "ከየት ነው የመጡት?"

"ከጦር መጋዘን የተረፉ ናቸው። ክበቡ ዘንድሮ ነው ያስመጣቸው። ከየሣጥኑ እየገለበጡ አንድ ላይ ደባልቀው…" አባቷ ንግግሩን ሳይጨርስ አንዱን ጥይት አነሳ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የእሷን ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የየቀለሁን ቂጥ ያነብብ ጀመር፤ አንዱ የአንድ ፋብሪካ ማኅተም አለበት፣ ሌላው የሌላ። "እነዚህ ከአንድ እናት አልተወለዱም" አለ። "ባሩዱ የበዛውና ያነሰው፣ አረሩ የከበደውና የቀለለው፣ እንዴት አንድ ቦታ ያርፋል?" እሱ በማኅተም ይለያል፣ እሷ በሚዛን። እኩያ የሆኑትን በቀለበት መደርደሪያው ትሪ ላይ፣ ቀለበት በሚሰካበት ለስላሳ ስንጥቅ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ታቆማቸዋለች። አንድ ደንበኛ ገብታ ትሪውን አየችና የመጣችበትን ረስታ ወጣች።

ቅዳሜ የሜዳው ኃላፊ ትሪውን ሲያይ አላስቻለውም። "አይስቴ! ዛሬ ደግሞ ጥይቱን ጣት ላይ ልታጠልቀው ነው?"

"ሙሽሮች ናቸው፤ አንተ ዝም ብለህ እልል በል።"

አባቷ በደረቱ ተኛ፣ አጎረሰ፣ ትንፋሹን ያዘ። ልጁ ከኋላው ጆሮዋን ደፍና ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ጥይቱ ሲያልቅ ኃላፊው ወረቀቱን አመጣው።

"መሃሉን አንዱም አልነካው!"

"መሃሉ የማነጣጠሪያው ጉዳይ ነው፤ እሱን በመፍቻ አስተካክለዋለሁ። ይልቅ እያቸው፣ እንዴት እንደተሰበሰቡ!"

ቀዳዳዎቹ በስተግራ ጥግ ላይ፣ ብርድ እንደመታቸው ጫጩቶች ተጠጋግተዋል። አንዷ ብቻ ከታች፣ ለብቻዋ ቀርታለች።

"ይቺስ?" አለች ልጁ።

አባቷ ቀዳዳዋን በጣቱ ዳሰሳት፤ ፈገግ አለ። "ይቺ የኔ ናት። ቃታውን ስስብ ቸኩያለሁ።" የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ነው የሚመስለው። "እስከ ዛሬ የቱ የኔ፣ የቱ የጥይቱ እንደሆነ መች አውቄ!"

"ታዲያ ጠመንጃውን ልረከብህ?" አለ ኃላፊው።

"መጀመሪያ ይቺን ላርም።" ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ ልጁ ዞረ። "ለሚመጣው ቅዳሜም ትሪሽን አበድሪኝ። ሌላ የጥይት ካርቶን አመጣልሻለሁ። ቀለሙን ግን ንኪና ታያለሽ!"