የአቶ ሙላቱ ግጥሞችና የነቢዩ ዝውውር

ነቢዩ በየወሩ መጨረሻ ሐሙስ፣ ጅግጅጋ በሚገኘው መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ፣ አዲስ የወጡ መጻሕፍትን ይዳስሳል። ልብ ወለዱን፣ የታሪኩን፣ በሰባት ቀን ሀብታም አደርጋለሁ የሚለውን፣ ሁሉንም ያለ ርኅራኄ ሲተለትል፣ ሠራተኛው ሻዩን ይዞ የሚመጣው ስለ መጽሐፍ ሊሰማ ሳይሆን ደራሲ ሲታረድ ሊያይ ነው።

በዚህ ወር ግን ቢላው ደነዘ። ከሚዳሰሱት ሁለት መጻሕፍት አንዱ የኃላፊው የአቶ ሙላቱ የግጥም መድበል ነው። የነቢዩ የዝውውር ማመልከቻ ደግሞ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ አምስት ወሩ። ሚስቱ ገሊላ ሽንሌ ነርስ ናት፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ሰው ከሽንሌ ለመውጣት ሲማጸን እሱ ለመግባት ይማጸናል።

መድበሉን ሁለቴ አነበበው። በሠላሳ ግጥሞች ካራማራ ተራራ ያለቅሳል፤ በቀሩት ዕንባውን ይጠርጋል።

«እውነቱን ልናገር ይሆን?» አላት ገሊላን በስልክ።

«እውነቱን ልጁ ከተወለደ በኋላ ትናገራለህ።»

ሐሙስ ዕለት ተነሥቶ «ይህ መድበል የአገራችንን ግጥም ወገብ ያቀና ነው» አለ። ቀልድ የመሰላቸው ሳቁ፤ ፊቱን ሲያዩ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እሱ ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ አወደሰ።

ሁለተኛው መጽሐፍ የመዝገብ ቤቷ የፈርዶውሳ ነበር፤ ከእናቷ የሰማቻቸው ተረቶች። ነቢዩ እራቱን ረስቶ ነው በአንድ ቁጭታ የጨረሰው። ግን እውነተኛው ሙገሳ ከሐሰተኛው ጎን ቢቆም ሐሰተኛውን እንዳያጋልጠው ፈራ። «ለልጆች መልካም ነው» ብሎ አለፈው። ፊት ወንበር ላይ ማስታወሻ ልትይዝ የተዘጋጀችው ፈርዶውሳ እስክሪብቶዋን ከደነች።

አቶ ሙላቱ ቢሯቸው አስጠሩት። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል።

«ነቢዩ ወንድሜ፣ ሃያ ዓመት ስጽፍ የገባው ሰው አላገኘሁም።» ማመልከቻውን አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «አንተን ለቅቄ ማን ሊያነበኝ ነው? ሁለተኛው ቅጽ እኮ ደርሷል!»

«ጌታዬ፣ ባለቤቴ እኮ በዚህ ወር…»

«በሰላም ትገላገላለች። ለልጁም ግጥም እጽፍለታለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ የሰው ኃይል ክፍሉ ሱጉሌ ጠበቀው። ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ዋርያ! ወላሂ አንተ ሞኝ ነህ። ብትሰድበው ኖሮ ነገ ጠዋት ሽንሌ ይወረውርህ ነበር!»

ፈርዶውሳ ፋይል ታቅፋ በአጠገባቸው ስታልፍ ነቢዩ ተከተላት።

«ፈርዶውሳ፣ መጽሐፍሽ እኮ ግሩም ነው። እውነቴን ነው።»

«የሳቸውም ግሩም ነው ብለሃል» አለችው፣ ሳትቆም።

ስልኩ ጮኸ።

«ፈረሙ?» አለች ገሊላ። ከኋላዋ በሽተኛ ሲያቃስት ይሰማል።

ነቢዩ ግድግዳውን ተደገፈ።

«በጣም ወደዱኝ» አላት።