አትመጣም ያለው የማን አፍ ነው?

አልታየች ከዓልዩ አምባ ገበያ ስትመለስ ወደ ቤቷ አላቀናችም። የገዛችውን ጥጥ በጀርባዋ እንዳዘለች የጎረቤቷን የለተጊዮርጊስን በር ገፍታ ገባችና ሳትቀመጥ፣ «ልጅሽ አትመጣም» አለች።

ለተጊዮርጊስ የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አላቆመችም።

«የትኛዋ ልጄ?»

«ስንት ልጅ አለሽና ነው? ወለተሐና ናት እንጂ። በዋርካ ሜዳ ሳልፍ አማቷ አመተ ማርያም መንገድ ላይ ጠብቃ፣ ‹ለእናቷ ንገሪልን፣ እዚሁ ትወልዳለች› አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ፤ የተላክሁትን አደረስሁ።»

ያን ጊዜ እንዝርቱ ቆመ።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ። በአንኮበር ዙሪያ ይህን የማያውቅ ድመት እንኳ የለም። ለተጊዮርጊስ ወለተሐናን የወለደችው በእናቷ ቤት ነው፤ እናቷም እሷን እንዲሁ። ልጅቱ ባለፈው ጥር ቁልቁለቱን ወርዳ ቆላ፣ ለዋርካ ሜዳው ኪዳነ ማርያም ከተዳረች ወዲህ፣ እናቲቱ የምትኖረው ለዚህች ጉዳይ ብቻ ነበር። የጓዳውን ጥግ በእበት ለቅልቃለች። አልጋውን በአዲስ ጠፍር አስወጥራለች። ከደብረ ብርሃን ገበያ ለስላሳ ጠጉር አስመርጣ አዲስ ባና አሠርታለች። ለገንፎው ገብሱ ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሮ ተከድኗል።

ባሏ ኃይለ ገብርኤል ከሞተ ቆይቷል። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ጓዙን ጭኖ ተከትሎ ነጎደ። ሰፈሩ ባዶ ቀረ፤ ሳይጠራ የሚገባው ጉም ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሰው የሚጠብቅ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል። ለተጊዮርጊስ ግን ኩሩ ናትና ብድግ አትልም፤ ከተቀመጠችበት ሆና ጆሮዋን ብቻ ወደ ደጅ ትልካለች።

«አትመጣም ያለው የማን አፍ ነው?» አለች። «የልጄ ነው የአማቷ?»

«እሱን አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የሄድሽው?»

«ጥጥ ልገዛ!» አለች አልታየች ተቆጥታ።

ብትቆጣም ነገሩ እንቅልፍ ነሣት። አልታየች አንድ ሰው ጠይቃ የምትረካ ሴት አይደለችም። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ዋርካ ሜዳ ላይ ጥጧን ጥላ በየቤቱ ገባች። ምንጭ ወርዳ ከቀጂዎቹ ጋር ተቀመጠች፤ ከአሮጊቶቹ ጋር ማሽላ ፈለፈለች። ወሬዋን ሰብስባ ስትመለስ የለተጊዮርጊስ የነፍስ አባት አባ ወልደተንሣኤ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው አገኘቻቸው። አልታየች ግን አባ አሉ ብላ የምትቆጠብ አልሆነችም።

«ከደጋ የወረደች ሙሽራ በዋርካ ሜዳ ለመውለድ ወደ እናቷ አትወጣም» አለች። «አንዷም! ‹ለምን?› ስል የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ ‹የቆላ ልጅ ሙቀቱ ውስጥ ተወልዶ ይልመደው›። አሮጊቶቹም እንዲያ፣ ሙሽሮቹም እንዲያ። ነገሩ የተጀመረው ወንዶቹ ዘመቻ በሄዱ ጊዜ ነው። ሁለት ሙሽሮች ልንወልድ ብለው ወጥተው በዚያው ቀሩ። ባሎቻቸው ሲመለሱ ምድጃው በርዶ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ የከለከለ የለ፣ ያወጀ የለ፤ ብቻ መሄድ ቀረ። አሁንማ ሙሽሮቹ የገዛ ሐሳባቸው ይመስላቸዋል።»

አባ ወልደተንሣኤ የጠበሉን ዕቃ አስቀመጡ።

«መንደር አያምጥም» አሉ። «የምታምጠው ወለተሐና ናት። ለምን እንደቀረች መጠየቅም እሷን ነው።»

«አንዷ ብትቀር እኔም ልቧ ነው እል ነበር፣ አባ። ሁሉም ሲቀሩስ? ሁሉም አንድ ልብ ተዋሱ?»

«እኔ ስንቱን አናዝዣለሁ። የሚነግሩኝ ኃጢአት አንድ ዓይነት ነው፤ ወደዚያ የደረሱበት መንገድ ግን የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንቺ አጥሩን ስትዞሪ ዋልሽ እንጂ ቤት አልገባሽም።»

«አንቱ ደግሞ አንድ ሰው ይዘው ጥግ ይገቡና፣ ደጅ የሚጥለውን ዝናብ ሁሉ ከሰውየው ዓይን የወጣ እንባ ያደርጉታል!»

«ሁለታችሁም አፋችሁን ዝጉ!» አለች ለተጊዮርጊስ። «እናንተ ማን እንደሚያውቅ ትሟገታላችሁ፤ እኔ ልጄን ነው የምፈልግ።»

ለጊዜው ግን የአልታየችን ቃል መረጠች። ስለሚጣፍጥ ነው እንጂ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ጥፋቱ የሰው ሆነላት፣ ልጇም ንጹሕ። ወዲያው ሽማግሌ ላከች፤ አልታየችም አብራ ወረደች።

አመተ ማርያም ሽማግሌዎቹን ዋርካው ሥር አስቀምጣ ጠላ ቀዳችላቸውና፣ «ማን አሰራት?» አለች። «እኔ ምራቴን በገመድ አልያዝሁ። በቅሎው ያውና፤ ይጫን።»

በቅሎው ተጫነ። ኪዳነ ማርያም ልጓሙን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ወለተሐና ሆዷን በእጇ ደግፋ ከቤት ወጣች። በቅሎውን አየች፤ ከእናቷ ቀዬ የመጡትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ፣ «አልሄድም። ለእናቴ ደህና ናት በሏት» ብላ ተመልሳ ገባች።

በሩ ተከፍቶላት አልወጣችም። ሽማግሌዎቹ ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሡ፤ አልታየችም ዳገቱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ለእሷ ይህ ከትኩሳት አይተናነስም።

ለተጊዮርጊስ የሆነውን ሰማች። አዲሱን ባና ከአልጋው አንሥታ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ጥቂት ቆየችና አውጥታ እንደገና አነጠፈችው። በማግስቱ አባ ወልደተንሣኤን አስጠራች።

«ይሂዱልኝ» አለቻቸው። «አልታየች ያለችውን ጥግ ይያዙና ይጠይቁልኝ።»

አባ ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ሙግት ረትተው የመጡ ሰው አይመስሉም።

«በንስሐ የነገረችኝን አልነግርሽም። ይህን ግን ‹ለእናቴ ይንገሩልኝ› ብላኛለች» አሉ። «‹ዓመቱን ደጋውን ከልቤ ሳወጣ ከረምሁ። ጉሙን፣ የገብሱን ሽታ፣ እናቴ ስትቆጣ የምታሰማውን ድምፅ። አሁን ገና ማሽላው ይጣፍጠኝ ጀመረ። በእናቴ አልጋ ላይ አንድ ቀን ከተኛሁ ግን አልመለስም፤ ራሴን አውቃለሁ። ባሌን እወደዋለሁ። እናቴን ጠልቼ አይደለም በሏት› ነው ያለችኝ።»

ለተጊዮርጊስ የሻሿን ጫፍ ይዛ ታፍተለትል ጀመር። እሷስ ዓመቱን ምን ስትሠራ ከረመች? ልጅቱ ደጋውን ከልቧ ስታወጣ፣ እናቲቱ ልጅቱን በየጥጉ ስታስቀምጥ ነበር፤ በአልጋው፣ በባናው፣ በቅቤው ዕቃ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ይላሉ?»

«ተያት። ልቧ እስኪረጋ አትነካኪያት።»

አልታየች በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ኖራለች።

«ትተያትና ጀርባዋን ማን ይያዝላት?» አለች። «በዋርካ ሜዳ ምራት ስታምጥ አማት አትገባም፤ ነውር ነው። የሚይዟት ባዕድ ጎረቤቶች ናቸው። የሙሽራ እናት ደግሞ ካልተጠራች ልጇ ቤት አትረግጥም። እስካሁን የጠራም የለ።»

«እንኳን አልተጠራች» አሉ አባ። «እናቷን ድንገት ብታያት ያ ሁሉ ልፋቷ ከንቱ ይሆናል።»

ለተጊዮርጊስ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። አንዷ ሀገሩን ዞራ መጣች፤ አንደኛው የልጇን ልብ ከፍተው መጡ። ሁለቱም እውነት ይዘው መጥተው፣ ልጅቱ ግን ያው ብቻዋን ልታምጥ ነው። ለተጊዮርጊስ ብድግ አለች።

«እሷ ከወጣች አትወርድም። እኔ ብወርድ ግን እወጣለሁ» አለች። «በቅሎ ፈልጉልኝ።»

«ሀገር ምን ይልሻል?» አለች አልታየች።

«የሚለውን አንቺ ዞረሽ ትሰበስቢልኛለሽ!»

ከአልታየች ጋር ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጉሙ ከኋላቸው ቀረ። ጥዱ አለቀ፣ ግራሩ ጀመረ፤ ሙቀቱ ከታች እየነፈሰ ፊታቸውን ይልሰው ጀመር። ዋርካ ሜዳ ሲደርሱ ጥጥ የሚለቅሙት ሴቶች ቀና ብለው ቀሩ። አመተ ማርያም ደጃፏ ላይ ነበረች።

«ሳይጠሩ መጡ፣ እመት ለተጊዮርጊስ።»

«የሚጠራኝ ባጣ ራሴን ጠራሁ፣ እመት አመተ ማርያም። ያሳልፉኛል ወይስ እዚሁ ልቀመጥ? ለመቀመጡም ችግር የለብኝ።»

አመተ ማርያም ወዲያ ወዲህ አየች። ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። ከንፈሯን ነክሳ ከበሩ ዘወር አለች።

ወለተሐና ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከስታለች፤ ሆዷ ብቻ ነው ያለ። እናቷን ስታይ አልሮጠችም።

«እማዬ፣ ልከሽብኝ ነበር፤ አልሄድም ብዬሻለሁ እኮ።»

«አልሄድም አልሽ እንጂ አትምጪ አላልሽም። ልወስድሽ አልመጣሁም፣ አትፍሪ። ጀርባሽን ይዤ፣ ስትገላገዪ እሄዳለሁ።»

ልጅቱ ቀረብ ብላ አፍንጫዋን እናቷ ትከሻ ላይ አደረገች።

«ጉሙን ይዘሽው መጥተሻል» አለች።

ምጡ ሲመጣ ለተጊዮርጊስ ከኋላዋ ተቀምጣ ያዘቻት። አመተ ማርያም ለነውሩ ብላ ደጅ ቆመች፤ ቆመች፤ በመጨረሻ ሙቅ ውሃ አቀባይ መስላ ገባችና ሳትወጣ ቀረች። ሴት ልጅ ተወለደች። እልልታው ጥጥ ማሳው ድረስ ተሰማ።

በማግስቱ ገና ከደጋ ከወረደች ብዙ ያልቆየች አንዲት ነፍሰ ጡር ሙሽራ መጣች። አራሷን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ፣ ሄዳ የተቀመጠችው ግን ከለተጊዮርጊስ እግር ሥር ነው።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«ከደነባ ነው የወረድሁ።»

«ለመውለድ እናትሽ ጋ አትሄጂም?»

«የቆላ ልጅ ሙቀቱ ውስጥ ተወልዶ…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንሰቀሰቅ ጀመር። ለተጊዮርጊስ እጇን በልጅቱ ራስ ላይ አደረገች። አልታየች ከማዶ ይህን አየች። በየቤቱ ስትዞር ይችን ልጅም ጠይቃት ነበር፤ ያን ጊዜ ልጅቱ ያንኑ ቃል እስከ መጨረሻው ነበር የነገረቻት።

ለተጊዮርጊስ ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሣ ቆየች። ክርስትናው አለፈ። ከዚያ የበቅሎው እግር አበጠ። ከዚያ ሕፃኗ ሳል ነገር አሰማች። ከዚያ የአመተ ማርያም ጥጥ አፈታተል አላማረኝም ብላ ልታስተምራት ተቀመጠች፤ ሁለቱ እየተሰዳደቡ ዋሉ። አንድ ቀን ማለዳ ወለተሐና ሕፃኗን እያጠባች፣ ዓይኗን ከሕፃኗ ሳታነሣ፣

«እማዬ፣ ዛሬ ሂጂ» አለች።

«ታባርሪኛለሽ?»

«አዎ።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። ትናንት ደጅ ወጥተሽ ስትቀሪብኝ ሄደች ብዬ ተነሥቼ ሮጥሁ። ሕፃኗን ጥዬ! እንዲህ አልችልም፣ እማዬ። አንድ ጊዜ ሂጂና ይውጣልኝ።»

ለተጊዮርጊስ ተነሣች። ሕፃኗን ሳመቻት፣ ልጇን ሳመቻት፣ አመተ ማርያምን ሳይቀር ሳመቻት። ኪዳነ ማርያም በቅሎውን ጫነ። አልታየች ልትወስዳት መጥታ ነበርና አብረው ወጡ።

ጉሙ የሚጀምርበት አፋፍ ሲደርሱ ለተጊዮርጊስ ከበቅሎው ወረደችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቀኑ ወደ ማታው ዘንበል ብሏል። ከታች ዋርካ ሜዳ ራቱን ሊያበስል እሳት አንድዶ ጭሱ ይወጣል።

«የትኛው ነው የነሱ?»

አልታየች እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየች። ያን መንደር ቤት ለቤት ታውቀዋለች።

«ከዚህ ሆኖ አይለይም» አለች። «ጭሱ ጣሪያውን ሲለቅ ይቀላቀላል።»

«ዓይንሽ ደክሟል ማለት ነው። ያውልሽ፣ ከግራሩ በስተግራ ያለው፣ ቀጠን ያለው።»

አልታየች እዚያ ግድም ግራር እንደሌለ ታውቃለች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በቅሎውን ይዛ አጠገቧ ቆመች። ለተጊዮርጊስ ቀጠን ያለውን ጭስ ጉሙ ወርዶ እስኪሸፍነው ድረስ አየችው፤ ከሸፈነውም በኋላ ወዲያው አልተነሣችም።