ጸጥ በሉ፣ ጆሮ እየሰማ ነው

"ሞቀ! ይኸው እንደገና ሞቀ!" አለች መምህርቷ፣ መዳፏን ከነፋስ ማውጫው ላይ ሳታነሳ።

የመኪና ኤሲ ጠጋኙ አላመናትም። ቅባት የነካው እጁን በሱሪው ጠረገና በመስኮቱ በኩል ሰደደ። እውነቷን ነው። አስር ደቂቃ ሙሉ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ብርድ ሲተፋ የነበረው ኤሲ አሁን የሰው ትንፋሽ የመሰለ ሙቅ አየር ይነፍሳል። ልክ እንደ ትናንቱ። ትናንት ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ነው ብሎ ፈርዶ ነበር። ዛሬ ግን ያ ኮምፕሬሰር ተፈቶ ጠረጴዛው ሥር ተጥሏል፤ በቦታው ጠዋት ከአሮጌ ዕቃ መደብር የመጣው ገብቷል፤ ጋዙም እንደ አዲስ ተሞልቷል።

"ቆይ እስቲ" አለ።

"ነገ በማለዳ ነው የምንነሳው፣ ጋሼ። ያውቃሉ አይደል?"

እንዴት አያውቅ! ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ነግራዋለች። ወንድሟ ዘጠኝ ሰዓት ከሚያስነዳ በረሃ ማዶ ታሞ ተኝቷል። እናትየው "ልጄን ሳላየው" ማለት ከጀመሩ ወር አልፏቸዋል። ባለፈው ሲሄዱ ኤሲው መንገድ ላይ ሞቀ፤ ልባቸው ደካማ ነውና ራሳቸውን ሳቱ፤ ከግማሽ መንገድ ተመለሱ። ሐኪሙም በሙቀት ውስጥ ሁለተኛ እንዳይሞክሩት አስጠንቅቋል። አሁን እኚሁ እናት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻንጣቸውን አቅፈዋል። ነገ ለሚኬድ መንገድ ሻንጣ ይዞ ጋራዥ መምጣት ምን ይሉታል? ቢሏቸው ቢሠሯቸው አላስቀምጥም ብለዋል።

ጠጋኙን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው "ጆሮ" በሚል ቅጽል ነው። ሌላው ባለሙያ በመፈተሻ አምፖል የሚያገኘውን እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በማዳመጥ ያገኘዋል። የኮምፕሬሰሩ ክላች "ቀጭ" ሲል፣ ጋዝ ሲያፈስ፣ ኩሽኔታ ሲበላ ከጆሮው አያመልጥም ነበር። ሊያዳምጥ ሲል እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ ያኔ ጎረቤቱ በያጅ መቁረጫ ማሽኑን ያጠፋል፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ደንበኛ ወሬውን ያቆማል። ሃያ ዓመት የኖረ ሥርዓት ነው።

ያ ሁሉ ሰው ካለፈው ዓመት ወዲህ ጸጥ የሚለው በከንቱ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። የሰውዬው ቀኝ ጆሮ ጭራሽ ዘግቷል፤ ግራውም ቀጫጭን ድምፅ አይይዝለትም። ሚስቱ ብቻ ታውቃለች፤ ሐኪም እንዲያየው ለምና ለምና ደክሟታል። እሱ ግን "ጆሮ ደነቆረ" ከሚባል ሞቱን ይመርጣል። ከዚያ ወዲያ ማን መኪና ያመጣለታል? ስለዚህ እጁን ያነሳል፣ ዘንበል ይላል፣ በልምዱ ይገምታል፣ ይፈርዳል። ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ትናንት የክላቹን "ቀጭ" ስላልሰማ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል አለ። አምፖሉን ከመሳቢያ እንኳ አላወጣም።

"ጸጥ በሉ!" አለ አሁንም፣ እጁን አንስቶ።

የበያጁ ማሽን ቆመ። መምህርቷ ትንፋሿን ዋጠች። ጆሮ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየ። የሚመጣለት ከግድግዳ ማዶ እንደሚወራ ወሬ ያለ ጉምጉምታ ብቻ ነው። ወደ ጋዝ መለኪያው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቱቦውን ነካ፣ ተወው፣ እንደገና ነካው። አንድ ቦታ መቆም አቃተው።

"እሺ፣ ምንድን ነው?" አለች መምህርቷ።

"ጋዙ ነው መሰለኝ። ትንሽ ልጨምርበት።"

"ትናንት ኮምፕሬሰር፣ ዛሬ ጋዝ! ማታ ላይ ደግሞ ሞተሩ ይቀየር ሊሉኝ ነው?"

"ልጄ" አሉ አሮጊቷ ከተቀመጡበት፣ "ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው ነገር ምንድን ነው?"

"የቱ፣ እማማ?"

"ይሄ ከጉልበቴ በላይ ያለው ነዋ። ነፋሱ ሊሞቅ ሲል ነው የሚጀምረው። ትናንትም ይል ነበር።"

"እማዬ፣ ተያቸው ይሥሩበት" አለች ልጃቸው። ከዚያ ግን ራሷም አዳመጠች። "ውይ፣ እውነትም አለ። እርስዎ መቼም ሳይሰሙት አይቀሩም፣ ጋሼ።"

ጆሮ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ሰምቼዋለሁ" አለ። ቅጥፈት!

እጁን ከአሮጊቷ ጉልበት በላይ ወዳለው ፊውዝ ሳጥን አስገባ። ለኮምፕሬሰሩ ኤሌክትሪክ የምታስተላልፈው ጥቁር ትንሽ ሪሌ እንደ ፈራች ጫጩት በጣቱ ሥር ትንቀጠቀጣለች። ለካ ስትግል እየለቀቀች ነው ኮምፕሬሰሩን የምታቆመው! ነቀላትና ከመሳቢያው ሌላ አምጥቶ ሰካ። ብርዱ ወዲያው መጣ። አስር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያም አለፈ፤ አልሞቀም።

"እሰይ! እሰይ! ልጄን ላየው ነው!" አሉ አሮጊቷ፣ ሻንጣቸውን መታ መታ እያደረጉ።

"እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ" አለች መምህርቷም፤ ቁጣዋ ጠፍቶ ፊቷ ፈካ።

ጆሮ ምርቃቱ አላረፈበትም። ዓይኑ ጠረጴዛው ሥር ወደተጣለው ኮምፕሬሰር ሄደ። ደህናውን ነው የፈታው። ቢተወውስ? ማን ያውቅበታል? ብርዱ መጥቷል፣ ሰዎቹ ተደስተዋል። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። አሮጌ ዕቃ የገባለት መኪና ከመውጣቱ በፊት የዕቃው ኩሽኔታ ይደመጣል። የተበላ ከሆነ በረሃው መሀል ነክሶ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል፤ ያኔ ኤሲም የለ፣ ጉዞም የለ።

እጁን አነሳ። የበያጁ ማሽን ቆመ። ጎንበስ አለ። ጉምጉምታ። እንደ ልማዱ ራሱን ነቅንቆ "ደህና ነው" ሊል አንገቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀና ሲል በመስታወቱ በኩል አሮጊቷ ሻንጣቸውን አቅፈው ፈገግ ሲሉለት አየ። አንጀቱን በሉት።

እጁን አወረደ።

"እማማ፣ እስቲ ይውረዱና ይሄን ያዳምጡልኝ።"

"እኔ? ምን አውቄ?"

"እርስዎ ይሰማሉ። እኔ አልሰማም።" በያጁ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል። ድምፁን ከፍ አደረገ፦ "ጆሮዬ ከሄደ ዓመት ሆነው። ትናንትም አልሰማሁም። የድሮው ኮምፕሬሰር ደህና ነበር፤ በግምት ነው የፈታሁት።"



"በግምት?" አለች መምህርቷ። "እናቴን በግምት በረሃ ልትሰድልኝ ነበር? አንተ ሰው፣ ፈጣሪን አትፈራም?"

"እፈራለሁ፣ እህቴ። ልክ ነሽ።"

አሮጊቷ ልጃቸውን በእጃቸው ገታ አደረጉ። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" አሉ፤ ወርደው ኮፈኑ ሥር ዘንበል አሉ። ቆዩ። "ይሄማ ይፈጫል" አሉ በመጨረሻ። "ባዶውን እንደሚዞር ወፍጮ ነው የሚለው።"

"ከየት በኩል?"

ወደ ታች ጠቆሙት። ጠዋት የገባው ኮምፕሬሰር ነው።

ጆሮ ሞተሩን አጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያቅበዘብዘው የነበረው ነገር ቀለል አለው። የድሮውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣና አቧራውን ጠረገ።

"ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ይሄንኑ መልሼ እገጥማለሁ። እማማ፣ እርስዎ እዚሁ አጠገቤ ይቀመጡ። ስጨርስ ደግመው ያዳምጡልኛል።"

"ምን ሥራ አለኝ ብለህ ነው፣ ልጄ" አሉና በርጩማውን ራሳቸው ሳቡ። መምህርቷ እያጉረመረመች ሻንጣውን ከወንበሩ ላይ አነሳችላቸው።

በያጁ አሁንም ማሽኑን አጥፍቶ፣ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል። ጆሮ መፍቻውን አነሳና ወደ እሱ ዞረ።

"ምን ትጠብቃለህ? ሥራህን ቀጥል እንጂ" አለው። "ከእንግዲህ ለእኔ ብለህ አታጥፋ።"