ራኒያ እስክትደርስ

ሐምዲያ ከባሏ ዓይን ላይ ፕላስተሩን በጥፍሯ እየላጠች ሳለ ነርሱ ነመራ ደረሰባት።

"እትዬ ሐምዲያ፣ ትናንትም ያነሱት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።" መዋሸት አላሰኛትም። "ሲታሸግ የሞተ ይመስለኛል።"

ስምንት ቀኑ ነው። አባስ ከያዮ ማር ጭኖ ሲመጣ ሞተሩ ጭቃ ላይ አንሸራቶ ጣለው። ከዚያ ወዲህ መቱ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ የሚተነፍሰው በማሽን ነው። ዓይኑ ግን በግማሽ እንደተከፈተ ይቀራል። እሷም በተፈቀደላት ሰዓት ሁሉ ፊቱ ቆማ ስለ ሱቁ፣ ስለ ዝናቡ ታጫውተዋለች። ሌላ ምን ቀራት? ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ አስጠርቶ "ይተርፋል ብዬ አልዋሽሽም፤ ቤተሰብ ይምጣና ይየው" ብሏታል። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ራኒያ ከአጎቷ ጋር መንገድ ላይ ናት።

"ማሎ ነመራ፣ እሷ እስክትደርስ ብቻ ተወው። አባቷ አንዴ ይያት።"

ነመራ ባትሪ አብርቶ ወደ አባስ ዓይን አስጠጋ። "ይምጡ፣ እርስዎም ይመልከቱ። ይቺ ነጭ ነጥብ ትናንት አልነበረችም። ዓይኑ ስለማይርገበገብ ደርቆ እየቆሰለ ነው። እያየዎት አይደለም፣ እትዬ።"

"ትንሽም?"

"ትንሽም።"

 ስምንት ቀን ሙሉ ያን ሁሉ ወሬ ለማን ስታወራ ነበር? ያቆሰለችውም እሷው ራሷ ናት። አፈረችም፣ ተናደደችም።

"ታዲያ ካልነቃ ዓይኑን ለማን ነው የምትጠብቀው?"

ነመራ የዓይን ቅባቱን ከኪሱ አወጣ። "እኔም አላውቅም። ምናልባት ከነቃ ግን ዕውር ሆኖ እንዳይነቃ ነው። ከዚህ ሌላ የማደርግለት ነገር የለኝም።"

ስልኳ ጮኸ። ራኒያ ነበረች።

"እማዬ፣ በር ላይ ደርሰናል። አባባ አሁንም ያያል አይደል? ያየኛል ብለሽኛል እኮ!"

"መጣሁ፣ እዚያው ጠብቂኝ" አለችና ስልኩን ዘጋች። ለነመራ እጇን ዘረጋች። "ጓንት ስጠኝ። ቅባቱንም።"

እሱ እንዳሳያት የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋ ቀባችው። ትንሽ አየችው። ከዚያ ሁለቱንም ዓይን ከድና ፕላስተሩን ለጠፈች። ጫፉ እንዳይነሳ ደግማ በጣቷ ተጫነችው።

ራኒያ በሩ ላይ ሮጣ ተጠመጠመችባት።

"ተኝቷል" አለቻት ሐምዲያ። "ስትገቢ እጁን ያዢው። ዓይኑን ግን እንዳትነኪ።"