ከስሙ ፊት

«‹ዶክተር ፊሊሞን ክፍሌ› ብዬ ጀምሬያለሁ» አሉ ጋሽ ንዋይ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ወረቀቱን ራቅ አድርገው እያዩ። «ሊመረቅ ስምንት ወር ነበር የቀረው። እንግዲህ ጌታ ዘንድ ተመርቋል። ‹ዶክተር› ብንለው ማን ይከለክለናል?»

«ማንም!» አሉ ሶፋው ላይ የተቀመጡት።

የኤልፍነሽ ሻይ ከወረቀት ኩባያው ውስጥ ቀዝቅዟል። ልጇ ፊሊሞን በመኪና አደጋ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቀብሩ ቅዳሜ ስለሆነ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ንዋይ ያን ዕለት የሚታደለውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው፣ ፕሪንት ከመደረጉ በፊት ቤተሰቡ ይስማው ብለው ይዘው መጥተዋል። ስኮትዴል የሚገኘው አፓርታማቸው ከቤተ ክርስቲያን በመጡ ታጣፊ ወንበሮች ተሞልቷል። ባሏ ክፍሌ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠ ነው። መርዶውን ከሰማ ወዲህ «አሜን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

«ሌላም አለ» ቀጠሉ ጋሽ ንዋይ። «ሽማግሌዎቹ ተነጋግረናል። ሕክምና ለሚገባ ልጅ በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት በስሙ እናቋቁማለን። የሰንበት ትምህርት ልጆቻችን የሱን ስም እየሰሙ ይደጉ።»

ክፍሌ ቀና አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፤ ፊቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ አለ።

ያን ስታይ ኤልፍነሽ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

እዚያ ምግብ የሚያቀርቡ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ያንሾካሹካሉ።

«ግን ገና ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ኖርክሮስ በሚወስደው መንገድ ላይ ምን ያደርጋል? ሆስፒታሉ ወዲያ አይደል እንዴ?»

«ኦን ኮል ተጠርቶ ይሆናላ! ሐኪም ደግሞ ሰዓት አለው?»

ሲያዩዋት ትሪውን አንስተው ወጡ። ሴት ልጇ ሄራን ተከትላት ገባች።

«ማሚ፣ አሁን ካልነገርሽ መቼ ነው? ፕሪንት ሊያደርጉት ነው እኮ።»

«አባትሽን ልትገድይው ነው? አንዱ አይበቃንም?»

«ላይክ፣ ቅዳሜ የምንቀብረው ማንን ነው ታዲያ?»

ኤልፍነሽ ቧንቧውን ከፍታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነበር። ክፍሌ ዳውንታውን የመኪና ፓርኪንግ ሥራው ላይ ቆሞ ውሎ ሲገባ እግሩ ያብጥ ነበር። አንድ ቀን የስድስት ዓመቱ ፊሊሞን ፕላስተር አምጥቶ የአባቱ ተረከዝ ላይ ለጠፈ። «ዶክተሬ!» አለ ክፍሌ፤ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁ ስም እሱ ሆኖ ቀረ። ሰንበት ትምህርት «ዶክተር»፣ የልደት ኬኩ ላይ «ዶክተር»። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ ከአምልኮ በኋላ እናቶች ወገባቸውን ይዘው ይሰለፉበት ነበር። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። መልሱ ታውቆ አድሯላ! ልጁም ሌላ ልብስ ያልተሰፋለት ሰው እንደሚያደርገው፣ የተሰጠውን ለበሰ።

ባለፈው የጸደይ ወቅት ደግሞ ኤልፍነሽ ቤተ መጻሕፍት እየሄደች እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ትማር ጀመር። የሚያደርሳት ፊሊሞን ነው። አስተማሪዋ ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብላ ነበርና፣ መኪናው ውስጥ ደብተሯን አሳየችው። «አይ ዌይት ማይ ሳን ዶክተር» ይላል።

ሳቀ። «ምን ለማለት ነው እማዬ?»

«ዶክተር ትሆናለህ ብዬ እጠብቃለሁ ማለቴ ነዋ!»

«ለእሱ ሌላ ቃል ነው ያላቸው። ዌይት አውቶቡስ ስትጠብቂ ነው። ከሰው የምትጠብቂው ኤክስፔክት ነው። ዘበኛ የሚጠብቀው ደግሞ ጋርድ ይባላል።»

«ሦስት ቃል? ለእኛ አንዱ በቅቶን የለ!»

«አዎ» አለ፤ ሳቁ ግን ከፊቱ ጠፋ። «እማዬ፣ አትጠብቂኝ።»

ያመሻል ብላ «እራትህን አስቀምጥልሃለሁ» አለችው።

ያኔ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሁሉንም ነገራት። ሕክምናውን ከተወ ዓመት አልፎታል። ኖርክሮስ አንድ የእንጨት በር የሚሠራበት ወርክሾፕ ተቀጥሯል። እንቅልፍ እምቢ ይለው ነበር፤ አሁን ይተኛል። «ደስ ብሎኛል እማዬ» አላት። ከዚያ በፊት ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ልብ አላለችም። «ለአባትህ እንዳትነግረው» ብቻ አለች። «ትንሽ ቆይ።»

ቆየ። ሰባት ወር ቆየ። ከቤቱ ሰው ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ሄራን ብቻ ነበረች። የሆስፒታል ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ወርክሾፑ ደጅ መኪናው ውስጥ ይቀይራል። ያን ልብስ አጥባ የምታጥፍለት እሷ ናት። ወርክሾፑ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው። እሱ ግን አባቱ እንዳይጠረጥር፣ ሆስፒታል የሚገባ ሰው በሚወጣበት ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሲል ይወጣ ነበር። ሰኞ ዕለት በዚያ ዝናብ አንድ የጭነት መኪና የገጨው በዚሁ ሰዓት ነው።

ሳሎን ውስጥ እንግዳ ገባ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጥቁር ኮት የጠበበው ሰውዬ ነው።

«ነፍስ ይማር» ብሎ እጅ ነሳ። «ታደገ እባላለሁ። ከፊሊሞን ጋር አብረን ነበር የምንሠራው።»

ክፍሌ ከወንበሩ ብድግ ሊል ቃጣው። «ከሆስፒታሉ?»

ታደገ ማድ ቤቱ በር ላይ የቆመችውን ኤልፍነሽን አየት አደረገ። ልጇ ምስጢሩን ነግሮታል ማለት ነው። «እ... አዎ ጋሼ» አለ እያቅማማ። «እዚያው... አካባቢው።»

ይህ ደግ ሰው፣ አይቷት የማያውቅ ሰው፣ ለእሷ ሲል ሊዋሽ ነው።

«ከኖርክሮስ ነው» አለች። ድምጿ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «ልጄ እዚያ በር ይሠራ ነበር።»

ጋሽ ንዋይ ፈጥነው ደረሱላት። «በትርፍ ጊዜው ነዋ! መቼም ያ ልጅ እጁ ሥራ አይፈታ።» እስክሪብቷቸውን ሳይቀር አወጡ።

ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃት ነበር።

«አይደለም ጋሽ ንዋይ። ሥራው ነበር። ሕክምናውን ከተወ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ነግሮኛል። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ።» ወደ ባሏ ዞረች። «ክፍሌ፣ ከልጄ ስጠብቅ ኖሬ ልጄን ሳልጠብቀው ቀረሁ።»

«ኢየሱስ!» አለ አንድ ድምፅ። ሄራን መጥታ አጠገቧ ቆመች።

ጋሽ ንዋይ ወረቀታቸውን አገላበጡ። «ታዲያ... ምን ብለን እንጻፍ?»

«ፊሊሞን ክፍሌ፣ በር ሠሪ ይበሉ።»

«ሽልማቱስ እህት ኤልፍነሽ?»

«ይቅር። ልጆቹን ይተዉአቸው።»

ክፍሌ ይጮሃል ብላ ፈርታ ነበር፤ እሱ ግን እሷን አላያትም። ዓይኑን ታደገ ላይ ተከለ።

«ጎበዝ ነበር?» አለው።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ሥራ ላይ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እሱ የገጠመው በር ሲዘጋ አይሰማም። ሲሠራ ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ አያምርም፤ ይቅር ይበለንና እንስቅበት ነበር።»

«ያንጎራጉር ነበር?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ክፍሌ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእጁ መታ መታ አደረገ። ታደገ ሲቀመጥ ክፍሌ የሰውየውን ቀኝ እጅ ሳብ አድርጎ ጭኑ ላይ አኖረው፤ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠና፣ እንጨት ያሻከረውን ቆዳ በአውራ ጣቱ፣ ከአንዱ ጣት ሥር ወደ ሌላው፣ ቀስ እያለ ይዳስስ ጀመር።