የአጎቴ ሮኮ ባሮ ሽንኩርት

አክስቴ አሱንታ ባሏን ሮኮን አንድ ቀን እንኳ «ልክ ነህ» ብላው አታውቅም። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሲኖሩ ያቺ ቃል ከአፏ አልወጣችም። ሊዘንብ ነው ካላት፣ እየዘነበም ቢሆን «ይሄ ካፊያ ነው» ትለዋለች። የእናቴ እህት ናት፤ ቤቷም እዚሁ አውስትራሊያ፣ አዴሌይድ ከተማ፣ ከጋራዤ ጀርባ ስለሆነ የሁለቱን ጭቅጭቅ ከልጅነቴ ጀምሮ በነፃ ሳዳምጥ ነው ያደግሁት።

ከጭቅጭቁ ሁሉ የከፋው በአንድ ባልዲ የተነሳ ነበር። አጎቴ የወይራ ፍሬ የመጣበትን አሮጌ ባልዲ ታቹን በስቶ ኦርኪድ የሚባል የአበባ ተክል ተክሎበታል። ሲገዛው አብቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለዓመታት ረጃጅም አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። አጎቴ በመኪና ማቆሚያው ቆርቆሮ ስር አስቀምጦ ውሃ ሲያጠጣው አክስቴ በመስኮት ብቅ ትልና፣ «ሮኮ፣ ባሮ ሽንኩርትህ ለሾርባ የሚደርሰው መቼ ነው?» ትለዋለች። እሱ ዘወር ብሎም አያያትም።

ባለፈው ጥር፣ ከተማው በሙቀት ሲነድ፣ አጎቴ ልቡ ደክሞ ሆስፒታል ገባ። አክስቴ ራስጌው ተቀምጣለች፣ እኔ እግርጌው ቆሜያለሁ።

«አሱንታ፣ በዚህ ክረምት ያብባል» አላት።

«ባሮ ሽንኩርቱ?»

«እንወራረድ። ካበበ በሰው ፊት፣ ጮክ ብለሽ፣ ‹ሮኮ፣ ልክ ነህ› ትያለሽ።»

«ካላበበስ?»

«ካላበበ ለሾርባሽ ክተፊው።»

«እሺ፣ ተወራርደናል። ኤዚዮ፣ አንተ ምስክር ነህ» አለችኝ። አጎቴ ሳቀ፤ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። በዚያው ሳምንት ቀበርነው።

በሚያዝያ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር አንድ ጠዋት ዳቦ ይዤላት ሄድኩ። ባልዲው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። የአጎቴ የሱፍ ሹራብ ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«በርዶታል።»

«አክስቴ፣ ተክል እኮ ነው።»

«አንተ ስለ ተክል ምን ታውቃለህ? ካርቡራተር ጠግን።»

ጎረቤቷ ግሌኒስ በጓሮ በር እንቁላል ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው። ግሌኒስ የከተማው የኦርኪድ ማኅበር አባል ናት፤ ግቢዋ በኦርኪድ ተሞልቶ መርገጫ የለውም። ባልዲውን ስታይ እንቁላሉን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገችው።

«አሱንታ፣ እየቀቀልሽው ነው?»

«እያሞቅሁት ነው።»

«ይሄ ተክል የሌሊት ብርድ ካልነካው አበባ የሚባል ነገር አያስብም። አውጪው። ሮኮም ውጭ ማሳደሩ ደግ አድርጓል፤ ግን እዚያ ቆርቆሮ ስር ፀሐይ የት አለና? በጨለማ ነው ያስቀመጠው። ለዚህ እኮ ነው ስንት ዓመት ሙሉ ያላበበው። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«‹እኔ አውቃለሁ› አለኛ።»

እኔ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። ሰውዬው ከሞተ በኋላ እንኳ ልትረታው እንዲህ ያለ ዕድል ስታገኝ ዝም የምትል መስሎ አልታየኝም። እሷ ግን ሹራቡን ከባልዲው ላይ ቀስ ብላ ፈታችና አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ብርድ አይወድም ነበር» አለች። «በበጋ እንኳ ካልሲ አድርጎ ነበር የሚተኛው።»

ባልዲውን ላግዝሽ ስላት ገፋ አድርጋኝ ራሷ ተሸክማው ወጣች። የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ በሎሚው ዛፍ ጥግ፣ ቅርንጫፎቹ አመዳይ በሚከላከሉለት በኩል አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበር አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማገኛት እዚያ ነው። የአጎቴን ካፖርት ደርባ፣ የቡና ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

«አክስቴ፣ ብርድ የሚያስፈልገው ለሱ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም» አልኳት አንድ ቀን።

«እሱን ብርድ ላይ ጥዬ እኔ እሳት ልሞቅ?»

«ሰው ቢያይሽ አብዳለች ይላል።»

«አንተ እስከ ሃምሳ ዓመትህ ድረስ ሚስት ሳታገባ ስትቀር ሰው ምን አለ?»

ትቻት ወጣሁ። ጋራዥ እስክደርስ ግን እሷን ነበር የማስበው። እንዲህ ዓይነት ሴት አይቼ አላውቅም። ሰው ውርርድ የሚገባው ሊያሸንፍ ነው፤ አክስቴ ለመሸነፍ ነበር በዚያ ብርድ የምትደክመው። ይህን ካወቅሁ በኋላ መቀለዴን ተውኩ፤ እሷ ግን አልተወችኝም።

በሐምሌ መጀመሪያ ከግንዱ ስር አንድ ቀንበጥ ብቅ አለ። ግሌኒስ ተንበርክካ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። «ጠፍጣፋ ነው፤ ቅጠል ነው የሚሆነው። የአበባው ዘንግ ድቡልቡል ነው፣ ሲነኩት ለስለስ ይላል» አለች። የአክስቴ ፊት ሲወድቅ አየሁ። በማግስቱ ስሄድ ግን ያው ወንበሯ ላይ ናት።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ጋራዥ ድረስ በእግሯ መጣች። ወትሮ ደጄን የማትረግጥ ሴት።

«ሸምበቆ ቆርጠህ አምጣልኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሌላ ወጣ፤ ድቡልቡል ነው።»

ዘንጉን ቲማቲም እንደምታስረው በአሮጌ የናይለን ስቶኪንግ አላልታ ከሸምበቆው ጋር አሰረችው። ከዚያ ወዲያ የባልዲው ዘበኛ ሆና አረፈችው። አንድ ቀን ሎሚ ልለቅም ብዬ ባልዲውን ትንሽ ዞር ባደርገው ጮኸችብኝ። «ብርሃኑን እያየ ነው የሚያድገው! ካዞርከው አንገቱ ይጣመማል፣ እንዳንተ!» ቀንድ አውጣዎቹን ደግሞ ዝናብ ባባራ ቁጥር እየለቀመች ሳህን ትሞላለች። ግሌኒስ መርዝ ልስጥሽ ብትላት አሻፈረኝ አለች። ለካ አጠራቅማ፣ ለቀናት የስንዴ ፉርሽካ እያበላች ሆዳቸውን አጽድታ፣ በቲማቲም ወጥ ትሠራቸዋለች። ግሌኒስ ቀምሳ ምን እንደሆነ ስትሰማ መልኳ ተለወጠ።

«የኔን አበባ ሊበሉ መጥተው እኔ በላኋቸው፤ ምን ያስደነግጥሻል?» አለቻት አክስቴ።

በመስከረም መጀመሪያ አበባው ተራ በተራ ፈነዳ። ብጫ ነው፣ መሃሉ ወይን ጠጅ ቀለም የተረጨበት። እኔ አበባ አይቼ የምመሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ቁልፌን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አክስቴ ካፖርቱን ለብሳ ስለነበር እንባዋን በእጅጌው ጠረገች።

እሑድ ወደ መቃብሩ የምንሄድበት ቀን ነው። ሁልጊዜ አበባ ቆርጣ ነው የምትወስድለት፤ ስለዚህ መቀስ አመጣሁላት።

«መቀሱ ለምንድን ነው?»

«ልትወስጂለት አይደል?»

«የተወራረድነው ያብባል አያብብም ብለን ነው እንጂ አንገቱን ልንቆርጥ አይደለም። ባልዲውን ጫነው።»

ፒካፔ ላይ ጫንኩት። ከፊት አልቀመጥ ብላ ከኋላ ወጥታ በሁለት እጇ አቅፋው ሄደች። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በቀስታ ነድቼ አላውቅም።

መካነ መቃብሩ እንደ ሁልጊዜው እሑድ በአገራችን በጣሊያን ሰዎች ተሞልቷል። ሁሉም ይተዋወቃል፤ ሁሉም አሱንታን ያውቃታል። ባልዲውን ሐውልቱ ላይ ካለው የአጎቴ ፎቶግራፍ ፊት አስቀመጥኩት። አክስቴ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ዙሪያዋን ቃኘች። ሰው ወሬውን እያቆመ ወደሷ ዞረ።

ያ ባልዲ በጨለማ ስንት ዓመት እንደቆየ ታውቃለች። ወደ ፀሐይ ያወጣችው ራሷ ናት። ይህን ከኔና ከግሌኒስ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን አንድ ጊዜ ብትናገር ረታችው ማለት ነው፤ እስክትናገረው ጠበቅሁ።

«ሮኮ፣ ልክ ነህ» አለች፤ ድምጿ እስከ በሩ ተሰማ።

እሷ ጎንበስ ብላ የፎቶውን መስታወት በመዳፏ ወለወለች። ልትነሳ ነው ብዬ ክንዷን ስይዛት፣ ወደሱ ይበልጥ ተጠግታ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣

«ለከርሞ ግን አይደግመውም» አለችው። «እንወራረድ።»