የጭቃ ቀን ታኬታ

ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኳስ የምሰናበት ሴት አይደለሁም። ይህን ለአሰልጣኙም ለእናቴም ነግሬያለሁ፤ ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። የዓመቱ ማሳረጊያ ጨዋታ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የመጨረሻዬ፣ ክለቡ ከዚህ በኋላ እንደማይፈልገኝ ቁርጡን ነግሮኛል። በአጥቂነት ቦታዬን የወሰደችው ማን መሰለቻችሁ? ኳስ መምታት ያስተማርኳት የገዛ ታናሽ እህቴ። እግሯ ነፋስ ነው፣ ጆሮዋ ግን ድንጋይ።

ዝናቡን ሲያወርደው አድሮ ሜዳው ቦክቷል። መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ «ያንን አጭር ጥርስ ታኬታ ተዪው፤ ዛሬ ያንሸራትትሻል» አልኳት።

«ቀላል ነው እኮ፣ ያስሮጠኛል።»

«የሚያስሮጥሽ በደረቅ ሣር ላይ ነው።»

«እትዬ፣ ቅናት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አዎ፣ ትንሽ ቅናት አለበት። ምክሩ ግን ምክር ነው።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ እግሯ ከዳት። ለመፈትለክ ስትገፋ መሬቱ ከሥሯ ይሸሻል፤ ለአንድ እርምጃ የሁለት እርምጃ ጉልበት ትከፍላለች። ለእረፍት ስንገባ ባቷ ተወጥሮ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ጎል አልገባም።

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። «አሟሙቂ፤ እህትሽን ቀይረሽ ትገቢያለሽ።»

ስጠብቀው የከረምኩት ቃል ነው። እህቴ ግን ፊቷን በፎጣ ሸፍና ትነፋረቃለች። ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የምትመለምለው ሴትዮ እሷን ልታይ መጥታለች። አንጀቴን በላችው።

«እሷ ትቆይ። አማካይዋ ቁርጭምጭሚቷን አሟታል፤ በእሷ ቦታ አስገባኝ» አልኩት።

«አንቺ? መሀል ሜዳ ሮጠሽ ልትችዪው?»

«ማን ይሮጣል? ቆሜ ነው የምጫወተው።»

እግራችን አንድ ልክ ነው። ጭቃ የሚነክሰውን ባለ ረጅም ጥርስ ታኬታዬን አውልቄ ሰጠኋት፣ የእሷን አጠለቅኩ። ባቷን እያሸሁላት፣ «እርምጃሽን አሳጥሪ። በድንገት ለመቆም አትሞክሪ፤ ጉልበትሽን ትጎጃለሽ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችኝ።

እንዳልኩትም መሀል ላይ ተተከልኩ። ጭቃ ላይ ኳስ በመሬት ስለማይሄድ በአየር እልክላታለሁ። ተጋጣሚዎቻችን እዚያ ማጥ ውስጥ ሲሯሯጡ ውለው እግራቸው ዝሏል፤ እኔ ምን በወጣኝ። ሊያልቅ ሲል አንድ ኳስ አሻገርኩላትና በዚያ እርጉም ታኬታ ተንሸራትቼ በቂጤ ዘፍ አልኩ። እህቴ በአጭር በአጭሩ እየረገጠች ተከላካይዋን አልፋ ስታገባ ያየሁት እዚያው ተቀምጬ ነው።

ጨዋታው እንዳለቀ መልማይዋ ወርዳ እህቴን ጠራቻት። እህቴ እኔን ጎትታ፣ «ኳሱን የሰጠችኝ እሷ ናት» አለቻት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አይቻለሁ። ምነው ከአሥር ዓመት በፊት ባገኘሁሽ።»

አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ።

«ያኔማ እንደ እሷ ስሮጥ ነበር፤ ቆሜ መቼ ታገኚኝ ነበር!» አልኳትና እህቴን ወደ እሷ ገፋ አደረግኳት። ሌሎቹ ሊታጠቡ ገቡ። እኔ ግን ከጭቃው ለመውጣት አልቸኮልኩም።